ከማኅደሩ የወጣው እንጨት

የወይዘሮ የዓለምወርቅ ልጅ ሶሊያና የማትመዘግበው ነገር የለም። በልጅነቷ የሰፈሩን ድመቶች ከነቀለማቸው ደብተር ላይ አስፍራ ነበር። አድጋም ልማዱ አልተዋትም፤ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ፣ ማራኪ ግቢ፣ የቅርስ ጥናት ክፍል ተቀጠረችና በየገጠሩ ደብር እየዞረች የብራና መጽሐፍ፣ መስቀልና ከበሮ ፎቶ ታነሣለች፣ ትለካለች፣ ቁጥር ትሰጣለች። ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው። «ባል የታለ?» ለሚላት ጎረቤት «ገና አልተመዘገበም» ብላ የምታልፍ ልጅ ነበረች።

እስከዚያ ጥቅምት ድረስ።

በጥቅምት መጀመሪያ ለሥራ ወደ ጃናሞራ ወጣች። መካነ ብርሃን መናኸሪያ ከአውቶቡስ ስትወርድ የወረዳው የባህልና ቱሪዝም ባለሙያ ሊቀበላት ይጠብቅ ነበር። ምስጋናው ይባላል፤ ቀጠን ያለ፣ ከሰው ጋር ሲያወራ መሬት መሬት የሚያይ ልጅ ነው። «ከጎንደር ተመራማሪ ይመጣል» ብቻ ተብሎ ስለነበር፣ ጺሙን ያንዠረገገ አንድ የገብስ ነጋዴ ሻንጣ ተቀብሎ «እንኳን ደህና መጡ ዶክተር» እያለ ይዞት ሊሄድ ሲል ደረሰችበት።

«ይቅርታ፣ የምትፈልገው እኔን መሰለኝ» አለችው።

ነጋዴውን አየ። እሷን አየ። ሻንጣውን ለባለቤቱ መለሰ።

«ዶክተር ግን አይደለሁም» አለች ሳቋን ይዛ።

«እሱም አይደለም» አለ ምስጋናው፣ በዚያ ብርድ ላብ ላብ እያለው።

የሚመዘገበው ንብረት ያለው ከከተማው ሁለት ሰዓት በእግር በሚያስኬደው በጅብራ ሜዳ ማርያም ነው። ደብሩን ደጀ ሰላም ላይ ተቀምጠው የሚጠብቁ ሦስት ሽማግሎች አሉ፤ አስተዳዳሪው መሪጌታ ልዑልቃል፣ ዕቃ ቤቱን የሚጠብቁት ቄሰ ገበዝ በላቸው፣ የምእመናኑ ወኪል አያ አስማረ። የዕቃ ቤቱ በር ሦስት ቁልፍ አለው። ሦስቱ አንድ አንድ ይይዛሉ፤ ሦስቱ ካልተገናኙ በሩ አይከፈትም።

«ልጄ» አሉ መሪጌታ፣ ደብዳቤዋን አጥፈው እየመለሱላት፣ «ከዚህ በፊትም እንመዝግብ ያሉ መጥተው ነበር። መዝግበው ሄዱ። ዓመት ሳይሞላ አንድ መስቀላችን ተከትሏቸው ሄደ።»

ሶሊያና ያን ሁሉ መንገድ መጥታ ባዶ እጇን ልትመለስ እንደሆነ ገባት፤ ደብዳቤውን ወደ ቦርሳዋ መለሰች። ምስጋናው ከኋላዋ ተነሣ።

«እኔ ዋስ እሆናታለሁ።»

«ታውቃታለህ?» አሉ አያ አስማረ።

«አዎ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከትናንት።»

ሽማግሎቹ ተያዩ። «በትናንት ሰው ዋስ ይኮናል፣ አንተ?»

«ደብዳቤዋን አይቻለሁ አያ አስማረ። ማኅተም አለው።»

«ያየኸው ደብዳቤውን ከሆነ ሸጋ» አሉ አያ አስማረ፣ ወደ ልጅቱ ሳይሆን ወደ ሰማይ እያዩ።

ዋስነት እዚያ አገር ቀልድ አይደለም። ነገር ሲበላሽ ዋሱ ሰውየውን ጠርቶ ያቀርባል፤ ካላቀረበ በሰውየው ቦታ ራሱ ይቆማል። ሶሊያና ይህን የሰማችው ማታውን ከእኅቱ ከወይንሸት ነው። ያረፈችው እነሱ ቤት ነበር፤ ያን ዕለት እንቅልፍ በደንብ አልወሰዳትም። የማያውቃት ሰው እንዲህ ብሎ ቆሞላት አያውቅም።

ሥራው ወግ ነበረው። ሦስቱ ቁልፎች ተገናኝተው በሩ ይከፈታል። ሶሊያና ወደ ውስጥ አትገባም፤ ደጀ ሰላሙ ጥግ ነጭ አንሶላ ዘርግታ ትጠብቃለች። ቄሰ ገበዝ መጻሕፍቱን ከነማኅደራቸው፣ ከነቆዳ ከረጢታቸው ማለት ነው፣ ከተሰቀሉበት ኩላብ እያወረዱ ያመጣሉ። ምስጋናው በልጅነቱ ድቁና ስለተቀበለ መጽሐፍ ይነካል፤ ከማኅደሩ ያወጣል፣ ቅጠሉን ይገልጣል፣ እሷ ታነሣለች። ሲያልቅ እሱ ይመልስና ማሰሪያውን ይቋጥራል፣ ቄሰ ገበዝ ማኅደሩን ዳብሰው ለይተው በየቦታው ይሰቅላሉ። የቄሰ ገበዝ ዓይን ከደከመ ቆይቷል። ጣታቸው ግን በእያንዳንዱ ቆዳ ላይ የተጣፈውን ጥፍና ስፌቱን ያውቃል።

መጀመሪያ ቀን «ግለጥ» ትለው ነበር፤ ይገልጣል። ሁለተኛ ቀን በጣቷ ጠቆመችው። ሦስተኛ ቀን ትንፋሿን ስትለቅ ይገልጥ ጀመር። ሁለቱም ይህን አስተውለዋል፤ ሁለቱም አላስተዋልንም ብለው ዝም አሉ።

በአራተኛው ቀን ቄሰ ገበዝ ሲያወሩ «አሥራ አንድ መጽሐፍ፣ አሥራ አራት ማኅደር» አሉ።

«የሦስቱ መጽሐፍ የታለ አባ?» አለች ሶሊያና።

«ድሮ በጦርነት ጊዜ ተወሰዱ። ልብሳቸው ቀረ።»

ለካስ ደብሩ ባዶዎቹን ማኅደሮች አይጥልም። ቆዳው እንዳይጨማደድ በየመጽሐፉ ልክ የወይራ ሳንቃ አስጠርበው፣ ሳንቃውን እንደ መጽሐፍ ውስጡ ከተው፣ ከጣሪያው ሥር ከፍ አድርገው ሰቅለዋቸዋል። ማንም አያወርዳቸውም። የሄደ ሰው ቦታ ነው፣ አይነካም።

«እነሱንም ላንሣቸው?»

«ባዶ ምኑ ይነሣል?» አሉ መሪጌታ።

«መጽሐፉ እንደነበረ የሚመሰክር የቀረው እኮ እነሱ ብቻ ናቸው።»

መሪጌታ ጥቂት አሰቡና ለቄሰ ገበዝ በራሳቸው ምልክት ሰጧቸው። ምስጋናውም ዓይኑን ከመሬት አንሥቶ ትኩር ብሎ አያት፤ አንሥቶም እዚያው ረሳው።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ሦስቱ ባዶ ማኅደሮችና የደብሩ ትልቁ መጽሐፍ፣ ቀይ ግምጃ የለበሰው ተአምረ ማርያም፣ አንሶላው ላይ ነበሩ። የመጨረሻው ሥዕል ሲነሣ ከገደሉ በኩል ጥቁር ደመና መጣና በረዶውን አወረደው። ሁሉም ተራወጠ። ሶሊያና የለበሰችውን ጃኬት አውልቃ መጻሕፍቱ ላይ ጣለች፣ ራሷ በስስ ሹራብ ቀረች። ምስጋናው ተንበርክኮ እየከተተ፣ እየቋጠረ፣ ለቄሰ ገበዝ ሲያቀብል በረዶው አናቷ ላይ ሲንጣጣ እሷ በሳቅ ፈረሰች። ተጣድፈው ጨረሱ፤ ሦስቱ ቁልፎች ተቆለፉ።

ስትሄድ መናኸሪያ ድረስ ሸኛት። «ስትደርሺ ደውይልኝ» አለ፣ እንደ ልማዱ ለመሬቱ።

ደወለች። ከዚያም እሱ ደወለ። ከዚያ በየማምሻው ሆነ።

«ነፋሱ ነው የሚያወራኝ ወይስ አንተ ነህ?» ትለዋለች።

«እኔ ነኝ። ከከተማው በላይ ድንጋይ ላይ ነኝ።»

«ምነው ከቢሮ ብትደውል?» «ምነው» ማለትን የለመደችው ከእነ ወይንሸት ነው።

«ቢሮ ሰው አለ።»

«ሰው የማይሰማው ምን የምትናገረው አለህ?»

ነፋሱ ብቻውን ብዙ አወራ። «እስካሁን የለም» አለ በመጨረሻ። «ግን ኅዳር ጽዮን ካለፈ በኋላ ጎንደር እመጣለሁ። ያን ጊዜ ይኖራል።»

ኅዳር ሃያ አንድ፣ የጽዮን ዕለት፣ ስልኩ አልጮኸም። በዓል ነው፣ ደክሞት ነው አለች። ሃያ ሁለትም አልጮኸም። ሃያ ሦስት እሷ ደወለች፤ «የደወሉላቸውን ደንበኛ ማግኘት አይችሉም» ከምትለዋ ሴትዮ በቀር መልስ የለም። ማታ እራት ላይ ስልኩን ከሳህኑ ጎን አስቀምጣ ትጎርሳለች። እናቷ ወይዘሮ የዓለምወርቅ ነርስ ናቸው፤ ሠላሳ ዓመት በሽተኛ ያዩ ሰው የልጃቸውን ትኩሳት አይስቱም። ግን አልጠየቁም። እሳቸውም በውስጣቸው ሌላ ትኩሳት ጀምሯቸዋል፤ ይቺ ልጅ ምን ሆነችብኝ የሚል።

ሶሊያና የፈራችው አንድ ነገር ነው፤ ልቡ ቀዝቅዟል። የተማረ ሰው ፍራቻ እንዲህ ነው፣ ሩቅ አይሄድም።

ሐሙስ ዕለት ፒያሳ ባጃጅ ውስጥ ሳለች የማታውቀው ቁጥር ደወለ።

«ሶሊያና ነሽ? ወይንሸት ነኝ። እንደደወልኩልሽ ለወንድሜ አትንገሪው።»

«ምን ሆነ? አሞት ነው?»

«ባመመው ይሻል ነበር።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ለዘወትር የሚነበበው የታተመው ተአምረ ማርያም ነው። የብራናው በዓመት አንድ ጊዜ፣ ለጽዮን ብቻ ይወጣል። ሕዝቡ ግቢውን ሞልቶ፣ ሴቶቹ እልል እያሉ፣ ቄሰ ገበዝ ማኅደሩን አምጥተው ለመሪጌታ አቀበሉ። መሪጌታ ማሰሪያውን ፈትተው እጃቸውን አስገቡ። ያወጡት ሳንቃ ነበር። የተጠረበ የወይራ ሳንቃ፣ ልክ በመጽሐፉ ቁመት።

እልልታው በአንድ ጊዜ ቆመ። ሌባ ቢሆን ወስዶ ይሄዳል፤ ይኼኛው ግን በልኩ እንጨት አስጠርቦ ያስቀመጠ፣ አስቦ የመጣ ነው ተባለ። መጽሐፉን ለክቶ የጻፈው ማነው? ከጎንደር የመጣችው ልጅ። ዋሷ ማነው? ምስጋናው። ዕቃ ቤቱ ያን ሰዓት በሦስት ቁልፍ ታሸገ፤ ማንም እንዳይገባ፣ ማንም አንዳች እንዳይነካ። እሑድ ደብሩ በሙሉ ለአውጫጭ ይቀመጣል ተባለ።

አውጫጭ የጥንት ነው። የደብሩ ወንድ ሁሉ ሜዳ ላይ ይቀመጣል፣ ይማላል፣ እውነቱ እስኪወጣ ወደ ሥራው አይመለስም።

«ዋስ ያቀርባል» አለች ወይንሸት። «እሱ ግን አልጠራትም አለ። ጎበዛዝቱ ተቆጥተዋል፣ መንገድ ላይ አንድ ነገር ትሆንብኛለች ብሎ ስልኩን ዘጋ። እሑድ በአንቺ ቦታ ሊቆም ነው። ከፈረዱበት እሳትና ውሃ ይከለከላል። ማንም ቤቱ አይገባም፣ ማንም አያናግረውም። አባታችን እንኳ ከእሱ ጋር ማዕድ መቅረብ አይችልም።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አንቺ ግን ወስደሽዋል?»

«አልወሰድኩም ወይንሸት።»

«እኔም አልመሰለኝም። ድምፅሽን ልስማ ብዬ ነው።»

ባጃጁ ማራኪ ደርሶ ቆሞ ነበር። ባለባጃጁ «እኅቴ፣ ደርሰናል» ቢላት አትሰማም።

በማግስቱ ጠዋት ቢሮዋ ገብታ የጅብራ ሜዳን ፎቶዎች አንድ በአንድ አየች። አንድ ሺህ አራት መቶ ፎቶ ቅጠል፣ ሥዕል፣ ጥራዝ፣ ስፌት ነው። መጽሐፉ ሲገለጥ አለ። ወደ ማኅደሩ ሲመለስ የሚያሳይ ግን የለም፤ በረዶው መጥቶ ካሜራውን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ነበር።

አንድ ፎቶ ግን ነበር። የዩኒቨርሲቲው መዝገብ ውስጥ ያልገባ፣ ስልኳ ላይ ያለ። በረዶውን ላንሣ ብላ ነው ያነሣችው፤ ለራሷ እንደዚያ ብላለች። በረዶ ግን ብዙም አይታይበትም። ምስጋናው ተንበርክኮ፣ ቀና ብሎ፣ እየሳቀ ያያታል። ይህን ፎቶ ቁርስ ላይ አንዴ፣ ሚኒባስ ውስጥ አንዴ፣ ስብሰባ ሲረዝም ሁለት ጊዜ ታየዋለች። ሁልጊዜ የምታየው ፊቱን ነው።

ያን ጠዋት እጁን አየች።

እጁ ቀዩን መጽሐፍ ይዟል። የሚከተው ግን ጥቁር ጥፍ ወዳለበት ማኅደር ነው። አጠገቡ እሷው የጻፈችው ወረቀት ተቀምጧል፤ «ባዶ፣ ቁጥር ሁለት»። የመጽሐፉ ማኅደር ደግሞ ጉልበቱ ላይ አፉን ከፍቶ ተኝቷል፣ ሳንቃው ከላዩ።

መጽሐፉ አልተሰረቀም። ከጣሪያው ሥር፣ ማንም በማይነካው ባዶ ማኅደር ውስጥ ተሰቅሏል። የቄሰ ገበዝ ጣት የሚያውቀው ቆዳውን እንጂ ውስጡን አይደለም፤ ማኅደሮቹን በየቦታቸው ሰቅለዋል፣ አንድም አልተሳሳቱም። በበዓሉ ድንጋጤ ደግሞ ከላይ ያሉትን ሳንቃዎች ያስታወሰ አልነበረም፤ ዕቃ ቤቱም ወዲያው ታሽጓል።

ደስ ሊላት ሲል ግን ሌላ ሐሳብ መጣባት። ሄዳ «ከላይ ባለው ማኅደር ውስጥ ፈልጉ» ብትል፣ የደበቀ ያውቃል ይሏታል። ለማመን ፎቶውን ማየት አለባቸው። ፎቶውን ካዩ ደግሞ የሚያዩት ምስጋናውን ነው፤ የእመቤታችንን መጽሐፍ በእጁ ይዞ ዓይኑን ሴት ላይ የተከለ ዲያቆን። እሷን የሚያድነው እሱን ያዋርደዋል። ያውም እሱ ለእሷ ሊቆም በተዘጋጀበት ሜዳ።

ማታ ለእናቷ ነገረቻቸው። ሁሉንም አይደለም፣ ግን ፎቶውን አሳየቻቸው።

ወይዘሮ የዓለምወርቅ መነጽራቸውን አድርገው አዩ። «ይኼ ልጅ ማንን ነው የሚያየው?»

«ካሜራውን ነው እማዬ።»

«ካሜራ እንዲህ አይታይም።»

ሶሊያና ስልኩን ተቀብላ ገለበጠችው።

«የሰው አገር ሄደሽ፣ ሌባ ተብለሽ፣ የተቆጣ ሰው መካከል…» አሉና ሳይጨርሱ ተዉት። ተነሥተው ያልቆሸሸ ጠረጴዛ ወለወሉ። ጠረጴዛውን ሦስት ጊዜ ከወለወሉ በኋላ «ባትሄጂስ?» አሉ።

«እሱ በእኔ ቦታ ይቆማል።»

«ይኼን እሱ ነገረሽ?»

«አልነገረኝም። ስልኩን ዘግቷል።»

እናቷ ጨርቁን አስቀመጡ። «እንግዲህ ስልክሽን በደንብ ቻርጅ አድርጊ» አሉ፣ ፊታቸውን አዙረው።

ቅዳሜ መንገድ ላይ ዋለች። ደባርቅን አልፎ መኪናው ሲንገላታ ሁሉ ስልኳን ከጃኬቷ ውስጥ እየዳሰሰች ነበር። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጅብራ ሜዳ ስትደርስ ሕዝቡ በየጎጡ ተከፋፍሎ ሣሩ ላይ ተቀምጧል። ጋቢው ሜዳውን አልብሶታል። ምስጋናው ከፊት፣ ብቻውን፣ ጫማውን አውልቆ ተቀምጧል።

ወደ እሱ ልትሄድ ስትል አያ አስማረ በዱላቸው መንገዱን ዘጉ። «አውጫጭ ላይ ለብቻ መነጋገር የለም ልጄ። ያለሽን እዚህ ትናገሪያለሽ።»

ምስጋናው ቀና ብሎ አያት። ፊቱ ላይ የነበረው ድንጋጤ ብቻ ነው። «ምነው መጣሽ?» አለ፣ ከከንፈሩ ሳያልፍ።

መሪጌታ ቆመው ቃሉን አወጁ። «ያየህ ተናገር። የሰማህ ተናገር። እያወቅህ የሸሸግህ እንደሆነ እመቤታችን ትፍረድብህ።» ሕዝቡ «አሜን» አለ፤ ድምፁ ከገደሉ ተመለሰ።

ምስጋናው ተነሣ። «አባቶቼ፣ መጽሐፉን ያወጣሁት እኔ፣ የመለስኩት እኔ ነኝ። እሷ በእጇ አልነካችውም። ከጠፋ ከእኔ እጅ ነው የጠፋው። ዋሷ ነኝ፣ እኔን ያዙ፣ እሷን በሰላም ሸኙልኝ።»

ሜዳው አጉረመረመ። ሶሊያና ወደ ፊት ወጣች።

«መጽሐፉ አልጠፋም» አለች። ድምፅዋ ለራሷም የሌላ ሰው መሰላት። «ዕቃ ቤቱ ውስጥ ነው። ከላይ ካሉት ባዶ ማኅደሮች፣ ጥቁር ጥፍ ያለበት ውስጥ።»

ከጎበዛዝቱ አንዱ «የደበቀ ያውቃላ» አለ። «ሲጨንቃት ልትመልስ መጣች» አለ ሌላው። ከኋላ ያሉት ለማየት ተነሡ፤ አያ አስማረ «ተቀመጥ፣ ተቀመጥ» እያሉ በዱላቸው መሬቱን መቱ።

«እንዴት አወቅሽ?» አሉ መሪጌታ። ቁጣ የለባቸውም፤ እሱ ነው ያስፈራት።

እጇ ኪሷ ውስጥ ስልኩን ጨብጧል። ምስጋናውን አየችው። ምን እንደያዘች አያውቅም። ግን ፊቷን አንብቦ ነገሩ እሱን እንደሚነካ ገባው፤ ያ ልጅ ከቅጠል መግለጥ ሌላ ያጠናው ትንፋሿን ነው።

«ለእኔ ብለሽ የምትተይው ከሆነ አትተይው» አላት፣ በሁሉ ፊት። «ምለው ተቀምጠዋል። አሳዪያቸው።»

ስልኩን ለመሪጌታ ሰጠች። መሪጌታ ዓይናቸውን አጥብበው ቀረብ ሲያደርጉት ስክሪኑ ጠፋ። አበራችላቸው፤ እንደገና ጠፋ። ሦስተኛ ጊዜ እሷው ይዛላቸው አዩት። ብዙ አዩት። ቀጥሎ አያ አስማረ አዩት።

«እጁ መጽሐፉ ላይ ነው» አሉ አያ አስማረ ቀስ ብለው። «ዓይኑ ግን ጎንደር ደርሷል።»

ቄሰ ገበዝ በላቸው ማየት ስለማይችሉ «ምንድነው? ምንድነው?» ይላሉ። አያ አስማረ በጆሯቸው ነገሯቸው። ቄሰ ገበዝ ፈገግታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑት።

ሦስቱ ቁልፎች ወደ ዕቃ ቤቱ ሄዱ። ሶሊያና ሜዳው ላይ ቀረች። ያቺ ጥቂት ደቂቃ ከመላው መንገድ ትረዝማለች። ተሳስታ ቢሆንስ? ፎቶው ከተነሣ በኋላ ምስጋናው ራሱ ነቅቶ ቀይሮት ቢሆንስ? ከዚያ በኋላ በእርግጥ ሌባ መጥቶ ቢሆንስ? አጠገቧ የተቀመጠ ጎበዝ እንኳ ጥርጣሬውን ረስቶ ጥፍሩን ይነክሳል።

በሩ ሲጢጥ አለ። መጀመሪያ የወጡት ቄሰ ገበዝ ናቸው፤ ቀዩን መጽሐፍ ደረታቸው ላይ አቅፈው፣ እንባቸው ጺማቸው ውስጥ እየጠፋ። ከአጥሩ ውጭ ቆመው ሲጠብቁ የነበሩት ሴቶች እልልታውን ለቀቁት። ሜዳው ሁሉ ብድግ አለ።

ምስጋናው ግን አልተነሣም። በግንባሩ መሬት ላይ ተደፍቶ ነበር።

«ጥፋቱ የእኔ ነው አባቶቼ። መጽሐፉን ስመልስ ልቤ መጽሐፉ ላይ አልነበረም።»

«የት ነበር?» አሉ መሪጌታ።

ግንባሩን ከመሬቱ አላነሣም።

«አውጫጭ ላይ ነህ ልጄ። ምለህ ተቀምጠሃል። የት ነበር?»

አንድ ደብር ሙሉ ሰው ይጠብቃል። ከአጥሩ ውጭ ያሉት ሴቶችም እልልታቸውን ገትተው ጆሯቸውን ጣሉ። ምስጋናው ቀና አለ። በዚያ ሁሉ ወር ድንጋይ ላይ ቆሞ ለነፋስ እንኳ ያልተናገረውን ሳይጮህ ተናገረው።

«እሷ ላይ ነበር።»

ማንም አልሳቀም። አያ አስማረ ብቻ «እንዴ፣ ይኼስ ምስክር አያሻውም» ብለው ተቀመጡ።

ፍርዱ ረጅም አልነበረም። ምስጋናው አርባ ቀን ይሰግዳል፤ ለአንድ ዓመት መጽሐፍ በእጁ አይነካም። ከዚያ መሪጌታ ወደ ሶሊያና ዞሩ። «እኛ ደግሞ ንጹሕ ልጅ ሌባ ብለናል። የዚህ ይቅርታ የሚጠየቀው ከአንቺ ብቻ አይደለም፣ ከወለደሽም ነው። ሦስታችን ጎንደር እንወርዳለን።»

ምስጋናው ቁልቁል ወደ ከተማው ሲሸኛት፣ ወይንሸት አርቃ ከኋላ ትከተል ነበር፤ ሰው አለ ለማለት ያህል።

«ስልክህን ስትዘጋ አንተም የጠረጠርከኝ መስሎኝ ነበር» አለችው።

«እኔ ደግሞ ድምፅሽን ብሰማ ነይ እልሻለሁ ብዬ ፈራሁ።»

«ነይ ብትለኝ ምን ነበረበት?»

«መምጣትሽ።»

ጥቂት መንገድ ሄዱ። «ያን ፎቶ ለምን አነሣሽው?» አላት።

«በረዶውን ላነሣ ነበር።»

«በረዶ አለበት?»

«ሦስት ፍሬ አለበት» አለች።

ኅዳር አልፎ ታኅሣሥ ገባ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ማራኪ ሰፈር ባጃጅ ቆመና ሦስት ሽማግሎች ወረዱ፤ ሁለቱ ነጭ ጥምጥም የጠመጠሙ፣ አንዱ ዱላ የያዙ። ሰፈሩ አጥር ላይ ወጣ። ቀጠን ያለ አንድ ልጅ ደግሞ መንገድ ዳር ካለው የበግ ሻጭ ዳስ አጠገብ ወዲያ ወዲህ ይላል፤ በጉን ሊገዛ ነው እንዳንል በጎቹን አንድ ጊዜ እንኳ አላያቸውም።

ወይዘሮ የዓለምወርቅ በሩን ከፈቱ። ሳሎኑ መካከል ሽማግሎቹ ቆሙ። መሪጌታ ነገሩን ከሥሩ አንሥተው ነገሩ፤ ደብሩ ልጃቸውን እንዴት እንደጠረጠረ፣ እንዴት እንዳፈረ። «ይቅር በሉን» ብለው ሦስቱም ጎንበስ አሉ።

«ኧረ አባቶቼ፣ ይቅር ለእግዚአብሔር» አሉ ወይዘሮ የዓለምወርቅ። «ተቀመጡ፣ እባካችሁ።»

አልተቀመጡም።

«ምነው አባቶቼ?»

«አንድ ጉዳይ ይቀረናል» አሉ መሪጌታ። «እሱን ተቀምጠን አንናገረውም።»

ሴትየዋ ገባቸው። የልጅ ጥያቄ ይዞ የመጣ ሽማግሌ እሺ ካልተባለ ወንበር አይነካም። ወይዘሮ የዓለምወርቅ ወደ መስኮቱ አዩ፤ ከአጥሩ ውጭ፣ ከበጎቹ አጠገብ፣ ያ ልጅ ቆሟል። ያዩት በአንድ ፎቶ ብቻ ነው። አገሩ ሩቅ ነው። ብርዱ ከባድ ነው። መንገዱ ሰላም የሚሆንበት ቀን አለ፣ የማይሆንበት ቀን አለ። ይቺ ደግሞ ያላቸው አንዲት ልጅ ናት። ይህን ሁሉ ፊታቸው ላይ ማንበብ ይቻል ነበር፤ ቄሰ ገበዝ እንኳ ሳያዩ የሰሙት ይመስል ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እኔ እዚህ ላይ ቃል የለኝም» አሉ በመጨረሻ። «መልሱን የምትኖረው እሷ ናት። ሶሊያና።»

ሶሊያና ከጓዳው በር ጀርባ ቆማ ነበር። ሜዳ ሙሉ ሰው ፊት የተናገረች ልጅ አሁን ወደ ሳሎኑ መካከል ወጣች። እናቷን አየች። የእናቷ ዓይን እንባ ቢያቀርርም አልከለከላትም፤ ፈርቷል እንጂ።

ሽማግሎቹ ይጠብቃሉ። ከአጥሩ ላይ ያለው ሰፈርም ይጠብቃል።

ወደ ግድግዳው ሄደች። አንዱን ወንበር አንሥታ አምጥታ ከመሪጌታ ልዑልቃል ኋላ አስቀመጠች። ሁለተኛውን ለቄሰ ገበዝ፣ እጃቸውን ይዛ መደገፊያውን አስዳሰሰቻቸው። ሦስተኛውን ለአያ አስማረ።

«ተቀመጡ አባቶቼ» አለች።